ክፍት ምንጭ ሞጁላዊ ዲዛይንና ግንባታ፦ ምንነቱ፣ አሠራሩና ቤት ሠሪው ሊያሟላቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ምንነቱ

ክፍት ምንጭ ሞጁላዊ ግንባታ ሁለት አሠራሮችን ያጣመረ የግንባታ ዘዴ ነው። አንደኛው ሞጁላዊነት ሲሆን፣ ሕንፃው በአንድ የጋራ ልኬት ተዘጋጅተው በተደጋጋሚ ከሚመረቱ ክፍሎች እንዲገጣጠም ያስችላል። ሁለተኛው ክፍት ምንጭነት ነው። ይኸውም የሕንፃው ንድፍ፣ የመቁረጫ ፋይሉ፣ የቁሳቁስ ዝርዝሩና የአሠራር መመሪያው ማንኛውም ሰው እንዲመለከተው፣ እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና ለሌሎች እንዲያካፍለው በግልጽ ፈቃድ ለሕዝብ መለቀቁ ነው።

ዘዴው ውስን አቅም ላላቸው ቤት ሠሪዎች፣ ለመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራትና በአነስተኛ ማምረቻ ለተሰማሩ ኢንተርፕራይዞች ጠቃሚ ነው። ሆኖም በነጻ የተገኘ ንድፍ የዲዛይን ወጪን ሊቀንስ ይችል እንደሆነ እንጂ የአፈር ምርመራን፣ የስትራክቸር ስሌትንና የግንባታ ፈቃድን አይተካም። ይህን ልዩነት ሳይገነዘብ ሥራ የጀመረ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባውን ያፈሰሰበት ቤት እንዲፈርስ ሊታዘዝበት ወይም ከዚያ የከፋ አደጋ ሊደርስበት ይችላል። ይህ ጽሑፍ የዘዴውን ምንነት፣ በዓለምና በኢትዮጵያ የታዩ ተሞክሮዎችን እንዲሁም አንድ ቤት ሠሪ ከንድፍ እስከ ግንባታ ሊከተላቸው የሚገቡ ደረጃዎችን በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ሞጁል ሲባል

ሞጁል ማለት የሕንፃው ክፍሎች በሙሉ የሚሰሉበት መነሻ ልኬት ነው። በዓለም አቀፍ የሕንፃ ደረጃዎች ተቀባይነት ያገኘው መሠረታዊ ሞጁል 100 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የግድግዳ ርዝመት፣ የበርና የመስኮት ክፍተት እንዲሁም የወለል ከፍታ የዚህ ልኬት ብዜት ሆነው ይወሰናሉ።

ጥቅሙ በቀላል ምሳሌ ይታያል። አንድ ብሎኬት ከማያያዣው ሞርታር ጋር 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይይዛል እንበል። 3.60 ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ በአንድ ረድፍ 9 ብሎኬት ይወስዳል፤ ተከታዩ ረድፍ በግማሽ ብሎኬት ጀምሮ በግማሽ ብሎኬት ያልቃል። ግድግዳው 2.80 ሜትር ከፍታ ካለው 14 ረድፍ ይሆናል። ንድፍ አውጪው ርዝመቱን 3.70 ሜትር ቢያደርገው ግን እያንዳንዱ ረድፍ 10 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ይፈልጋል። በመሆኑም ግንበኛው ለአንድ ግድግዳ ብቻ 14 ጊዜ ብሎኬት ለመስበር ይገደዳል። ለስብርባሪው የወጣው ገንዘብ፣ የባከነው የሥራ ሰዓትና የግድግዳው መዳከም ሁሉ በወረቀት ላይ በታየችው 10 ሳንቲ ሜትር የተነሣ የሚመጡ ናቸው።

በሞጁል የተሠራ ንድፍ ሌላው ጥቅሙ ክፍሎቹ ተለዋዋጭ መሆናቸው ነው። የበር ክፍተት የወሰደው ቦታ የሞጁል ብዜት ከሆነ በሩ ወደፊት በመስኮት ወይም በግድግዳ ሊተካ ይችላል። አንድ ክፍል ሲበላሽም ሙሉው ሳይነካ ያ ክፍል ብቻ ይለወጣል።

ክፍት ምንጭ ሲባል

ክፍት ምንጭ ማለት በነጻ የተገኘ ማለት ብቻ አይደለም። አንድ ንድፍ ያለ ክፍያ ስለታየ ብቻ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል ማለት አይቻልም። በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥነ ሕንፃ ሥራዎች ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ናቸው። ስለሆነም ንድፉን ክፍት የሚያደርገው ባለቤቱ አብሮት የሰጠው የፈቃድ ጽሑፍ ነው። በብዛት ሥራ ላይ የሚውሉት የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ሲሆኑ፣ ለቁሳዊ ምርቶች ንድፍ ደግሞ የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት የሆነው ሰርን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ክፍት የሃርድዌር ፈቃድ አለ።

ቤት ሠሪው በፈቃዱ ላይ ሊያገኛቸው የሚችሉት ዋና ዋና ግዴታዎች የሚከተሉት ናቸው።

• ምንጭ መጥቀስ፦ ንድፉን ያወጣው አካል ስም በተሻሻለው ንድፍ ላይ እንዲገለጽ ይጠይቃል።
• በተመሳሳይ ፈቃድ ማጋራት፦ ንድፉን አሻሽሎ የሚያሠራጭ ሰው የተሻሻለውንም በዚያው ፈቃድ ክፍት እንዲያደርግ ያስገድዳል።
• ለንግድ አለማዋል፦ ንድፉን ለትርፍ መጠቀምን ይከለክላል። ይህ ገደብ ያለበት ንድፍ በጥብቅ ትርጉሙ ክፍት ምንጭ አይባልም። ሥራውን በክፍያ የሚሠራ ተቋራጭም የባለቤቱን ተጨማሪ ፈቃድ መጠየቅ ሊኖርበት ይችላል።
• አለመለወጥ፦ ንድፉን አሻሽሎ ማሠራጨትን ይከለክላል። ማንኛውም ንድፍ ከቦታው አፈርና አየር ንብረት ጋር መጣጣም ስላለበት ይህ ገደብ ያለበት ንድፍ ለግንባታ አስቸጋሪ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ እነዚህ ፈቃዶች በአብዛኛው ንድፉን ያወጣው አካል ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት እንደማይወስድ የሚገልጽ አንቀጽ የያዙ መሆናቸው ነው። ይህም ማለት ንድፉ በሌላ አገር በታወቁ ባለሙያዎች የተሠራ ቢሆንም፣ በዚህ ቦታ ለሚቆመው ሕንፃ ኃላፊነቱ ንድፉን መርምሮ በሚፈርመው የአገር ውስጥ ባለሙያ፣ በተቋራጩና በባለቤቱ ላይ ይወድቃል።

የዓለም ተሞክሮ

የሐሳቡ መሠረት ከኮምፒውተር ዘመን ይቀድማል። የኔዘርላንድሱ አርክቴክት ጆን ሃብራከን እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ የሕንፃው ቋሚ አካል ከነዋሪው ምርጫ እንዲለይ ሐሳብ አቅርቧል። ምሰሶ፣ ወለልና ደረጃ በጋራ ተሠርተው ለረጅም ዘመን ይቆማሉ፤ የውስጥ ግድግዳና ዕቃ ግን ነዋሪው እንደ ፍላጎቱ የሚቀያይረው ይሆናል። ይህ አስተሳሰብ ክፍት ሕንፃ በሚል ስም ይታወቃል።

በዚያው ዘመን፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ በኮሎምቢያ ቦጎታ በሚገኝ የቤቶች ጥናት ማዕከል መሐንዲሱ ራውል ራሚሬዝ ሲንቫ ራም የተባለ በእጅ የሚሠራ የአፈር ብሎኬት መጭመቂያ ሠራ። መሣሪያው ኤሌክትሪክ ሳይፈልግ 29 በ14 በ9 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት የሚያወጣ ሲሆን፣ በብዙ አገሮች ተዛምቶ እስከ ዛሬ ለሚሠሩ መጭመቂያዎች አርአያ ሆኗል። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት የሚገኘው ኦፕን ሶርስ ኢኮሎጂ የተባለ ድርጅት ደግሞ ለአንድ ማኅበረሰብ መሠረታዊ ናቸው ያላቸውን 50 ማሽኖች ንድፍ ክፍት አድርጎ ለማዘጋጀት የተነሣ ሲሆን፣ ቀድመው ከተሠሩት መካከል የአፈር ብሎኬት መጭመቂያ ይገኝበታል።

ዊኪሃውስ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2011 በለንደን ተጀመረ። የቤቱ አጥንት በኮምፒውተር በሚመራ መቁረጫ፣ በተለምዶ ሲኤንሲ በሚባለው ማሽን፣ ከፕላይውድ ሉህ ይቆረጣል። ቁራጮቹ እንደ ሳጥን ተገጣጥመው ወለል፣ ግድግዳና ጣሪያ ይሆናሉ። የየክፍሉ ቁራጮች ቀላል በመሆናቸው ከባድ ክሬን ሳያስፈልግ በጥቂት ሰዎች ይቆማሉ። የሥርዓቱ አስተማሪ ገጽታ ትክክለኛነቱ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚሸጥ ፕላይውድ ሲለካ ጥቂት ነጥብ ሊጎድለው ወይም ሊበልጠው ይችላል። መገጣጠሚያው ለ18 ሚሊ ሜትር ከተቆረጠ በቀጭኑ ሉህ ላይ ይላላል፤ በወፍራሙ ላይ ደግሞ አልገባ ይላል። ስለዚህ የሉሁ ውፍረት ተለክቶ፣ ናሙና ተቆርጦና ተገጥሞ ሳይታይ ሙሉው ሥራ አይጀመርም።

የቺሊው ኤለሜንታል የአርክቴክቶች ቡድን ያሳየው መንገድ ደግሞ ለአነስተኛ ገቢ ነዋሪዎች ይበልጥ ይቀርባል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2004 በኢኪኬ ከተማ ኪንታ ሞንሮይ በተባለ ሠፈር ለሚኖሩ ቤተሰቦች የመንግሥት ድጎማው ለሙሉ ቤት ስላልበቃ የቤቱን አስቸጋሪ ግማሽ ብቻ ሠራ። መሠረት፣ ተሸካሚ ግድግዳ፣ ደረጃ፣ መታጠቢያና ወጥ ቤት በፕሮጀክቱ ተሠሩ። ቀሪው ክፍት ቦታ ነዋሪው ገንዘብ ባገኘ ጊዜ እንዲሞላው ተተወ፤ የ36 ካሬ ሜትር ቤት ወደ 72 ካሬ ሜትር ሊያድግ እንዲችል ታስቦ ነበር። የቡድኑ መሪ አሌሃንድሮ አራቬና እ.ኤ.አ. በ2016 የፕሪትዝከር የሥነ ሕንፃ ሽልማትን ሲቀበል፣ ቡድኑ የአራት ፕሮጀክቶችን ንድፍ ማንም አውርዶ እንዲጠቀምበት ለቋል። ንድፎቹ ከየአገሩ ሕግና የስትራክቸር ኮድ ጋር መጣጣም እንዳለባቸውም አብሮ አስታውቋል።

በኢትዮጵያ ያለው መሠረት

በክፍሎች መገንባትና ዕውቀትን በጋራ መጠቀም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በጋሞ ዞን የሚገኘው የዶርዜ የቀርከሃ ቤት እንደ ቅርጫት የተጠለፈ በመሆኑ፣ ሥሩ በምስጥ ሲበላ የተጎዳው ይቆረጣል፤ ካስፈለገም ቤቱ በሰዎች ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። የአሠራሩ ዕውቀት የአንድ ሰው ንብረት ሳይሆን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚሸጋገር ነው። በደቦ የሚሠራ የጭቃ ቤትም በዚሁ መንፈስ የሚቆም ነው።

በዘመናዊው ዘርፍ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ በተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ፣ አስቀድመው የተመረቱ ቢሞችና ባዶ ብሎኬቶች ለወለል ሥራ ውለዋል። በዚህም የካሳፎርማ እንጨት ፍጆታን መቀነስና በአነስተኛ ማምረቻዎች ለወጣቶች ሥራ መፍጠር ተችሏል። ይህ አሠራር ሞጁላዊ ነው፤ ክፍት ምንጭነት ሲጨመርበት ደግሞ አንድ ወረዳ የደረሰበትን ማሻሻያ ሌላው ከመነሻው ሳይደክም ይወስደዋል።

ከንድፍ እስከ ግንባታ ያሉ ደረጃዎች

1. ይዞታን ማረጋገጥ፦ ቤት ሠሪው ንድፍ ከመምረጡ በፊት የይዞታ ማረጋገጫውንና ቦታው በከተማው ፕላን የተመደበበትን አገልግሎት ማጣራት አለበት። የፎቅ ከፍታ፣ ከድንበር የሚተው ርቀትና የግንባታ ጥግግት ገደቦች ንድፉን ስለሚወስኑ የፕላን ስምምነት ይቀድማል።

2. ፈቃዱን ማንበብ፦ የንድፉ የፈቃድ ጽሑፍ ታትሞ ከሰነዶች ጋር ይያያዛል። ፈቃድ ያልተገለጸበት ንድፍ መብቱ የተጠበቀ ነው ተብሎ ይወሰዳል።

3. የንድፉን ሙሉነት መመርመር፦ ሙሉ ንድፍ የአርክቴክቸርና የስትራክቸር ሥዕል፣ የመገጣጠሚያ ዝርዝር፣ የቁሳቁስ መጠን፣ የተሰላበትን የጭነት ዓይነትና የቀድሞ ግንባታዎችን መረጃ ይይዛል። ማራኪ ሥዕል ብቻ ያለው ገጽ ንድፍ አይባልም።

4. አፈሩን ማስመርመር፦ በአዲስ አበባና በሌሎች ብዙ አካባቢዎች የሚገኘው ጥቁር የመረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በሌላ አገር ለጠንካራ አፈር የታሰበ ቀላል መሠረት በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቢቀመጥ ግድግዳው በጥቂት ዓመታት ሊሰነጠቅ ይችላል።

5. ለአካባቢው ማጣጣም፦ የተመዘገበ ባለሙያ ንድፉን በኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ መሠረት ዳግም ያሰላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአውሮፓ ኮዶች ተወስዶ የወጣው ኮድ ለመሬት መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰውና ነዋሪዎችን ያፈናቀለው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በስምጥ ሸለቆና አቅራቢያው ለሚሠራ ቤት ይህ ስሌት የግድ መሆኑን ያመለክታል።

6. ቁሳቁስን መለካት፦ በንድፉ ላይ የተጻፈው ልኬት በገበያ ካለው ጋር ይነጻጸራል። ለምሳሌ በገበያ የሚገኝ የፕላይውድ ሉህ 1220 በ2440 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ100 ሚሊ ሜትር ሞጁል የተሠራ ንድፍ 1200 በ2400 ሊል ይችላል። ትርፉ ለመቁረጫው ስለት የታሰበ መሆን አለመሆኑ አስቀድሞ ይታወቅ።

7. የግንባታ ፈቃድ ማውጣት፦ በባለሙያ የተጣጣመውና የተፈረመው ንድፍ ለአካባቢው የግንባታ ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። ፈቃድ ሳይገኝ ቁፋሮ አይጀመርም።

8. ናሙና ሠርቶ መፈተን፦ አንድ ግድግዳ ወይም አንድ መገጣጠሚያ ቀድሞ ይሠራል። ስሕተት በናሙና ላይ ሲገኝ ኪሳራው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በጣሪያ ላይ ሲገኝ ግን የሙሉ ቤት ይሆናል።

9. መረጃን መመዝገብ፦ በሥራው ሂደት የተደረጉ ለውጦች በሥዕል ላይ ይመዘገባሉ። ቤቱ ወደፊት ሲሰፋ፣ ሲጠገን ወይም ሲሸጥ ይህ ሰነድ ተፈላጊ ነው።

ስለ አፈር ብሎኬት ልዩ ማስታወሻ

የመጭመቂያ ማሽን ንድፍ ክፍት መሆኑ ከማንኛውም አፈር ጥሩ ብሎኬት ይወጣል ማለት አይደለም። ለመጀመሪያ ግምት ግልጽ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛው ያህል በአፈር ይሞላና ውኃ ተጨምሮበት በደንብ ይናጣል። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ ደቃቁ አፈር ዘግየት ብሎ፣ ሸክላው ደግሞ ከሰዓታት በኋላ ከላይ ይተኛል። የንብርብሮቹ ውፍረት የአፈሩን ቅይጥ በግርድፉ ያሳያል። የላይኛው ጥቁር ለም አፈርና መረሬ ለዚህ ሥራ አይመረጡም።

በተለምዶ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ሲሚንቶ ይጨመራል፤ ትክክለኛው መጠን ግን በላቦራቶሪ ይወሰናል። የወጡት ብሎኬቶች ከፀሐይ ተጠልለው ቢያንስ ለ7 ቀናት እርጥበታቸው ይጠበቃል፤ ለግንባታም 28 ቀን ሲሞላቸው ቢውሉ ይመከራል። ከዝናብ ለመከላከል የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት ከፍ ማለቱና የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ወጣ ማለቱ አስፈላጊ ነው።

ደረጃ በደረጃ ለሚሰፋ ቤት

በአንድ ጊዜ ሙሉ ቤት ለመሥራት አቅም የሌለው ቤተሰብ ዛሬ አንድ ክፍል ሠርቶ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሊጨምር ይችላል። ለዚህም አራት ነገሮች ከመጀመሪያው መሠራት አለባቸው። መሠረቱና ምሰሶው የመጨረሻውን ቤት ክብደት የሚሸከሙ፣ የውኃና የፍሳሽ መስመሮቹ ለሚጨመረው ክፍል የሚበቁ፣ የግንባታ ፈቃዱ የወደፊቱን ማስፋፊያ ያገናዘበ፣ የሚጨመረው ክፍል ቦታም በሞጁል የተለካ መሆን አለበት። ለአንድ ፎቅ በተሰላ መሠረት ላይ ሁለተኛ ፎቅ መጫን ለሕይወት አደገኛ ነው። አስቀድሞ ለማስፋፊያ የተተወ ፌሮ ሳይሸፈን ለዓመታት ከቆየ ስለሚዝግ፣ በቀጭን ኮንክሪት ወይም በሌላ መከላከያ መሸፈን ይኖርበታል።

በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

ከኢንተርኔት የወረደ ንድፍ ብቻውን ለግንባታ ፈቃድ ይቀርባል?
አይቀርብም። በሕግ የተመዘገበ ባለሙያ ለቦታው አጣጥሞ ሊፈርምበት ይገባል።

በክፍት ምንጭ ንድፍ የተሠራ ቤት ሊሸጥ ወይም ሊከራይ ይችላል?
በአጠቃላይ ይቻላል፤ ፈቃዱ ስለ ንድፉ እንጂ ስለ ቤቱ ባለቤትነት አይደለም። ለንግድ አለማዋል የሚል ገደብ ካለ ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት የንድፉን ባለቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለራሱ ቤት ንድፉን የለወጠ ሰው ለውጡን የማሠራጨት ግዴታ አለበት?
ለራሱ ብቻ ከተጠቀመበት በአብዛኛው የለበትም። የተሻሻለውን ንድፍ ለሌሎች ካሠራጨ ግን የፈቃዱን ግዴታዎች ያከብራል።

ሲኤንሲ ማሽን በሌለበት አካባቢ ምን ይደረጋል?
ዘዴው በማሽን ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም። በብሎኬት፣ በአፈር ብሎኬት ወይም በተራ እንጨት የሚሠሩ ሞጁላዊ ንድፎች አሉ። አናጺው አንድ ትክክለኛ መለኪያ ፎርማ ሠርቶ ሌሎቹን በእርሱ ልክ ሊያወጣ ይችላል።

ዘዴው ወጪን በምን ያህል ይቀንሳል?
ቋሚ መጠን የለውም። ቅናሹ የሚገኘው ከዲዛይን ድግግሞሽ፣ ከቁሳቁስ ብክነትና ከሥራ ጊዜ ነው። ፕላይውዱ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ የማጓጓዣው ዋጋ ቅናሹን ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ውሳኔው በአካባቢው ገበያ ላይ በተሠራ የቁሳቁስ ዝርዝር መደገፍ አለበት።

ማጠቃለያ

ክፍት ምንጭ ሞጁላዊ ግንባታ ዜጎች የሌሎችን የተፈተነ ሥራ መነሻ አድርገው በአቅማቸው ቤት እንዲሠሩ ዕድል የሚሰጥ ዘዴ ነው። ዕድሉ ለውጤት የሚበቃው ፈቃዱ ሲነበብ፣ አፈሩ ሲመረመር፣ ንድፉ በኃላፊ ባለሙያ ሲጣጣምና የግንባታ ፈቃድ ሲወጣ ነው። ተገልጋዮች ለዝርዝር መረጃ የይዞታ ማረጋገጫቸውን፣ የንድፉን ሙሉ ሰነድና የፈቃድ ጽሑፉን ይዘው በሚኖሩበት ከተማ ወይም ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው የግንባታ ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት በመቅረብ፣ ክፍያ ከመፈጸማቸውና ቁሳቁስ ከመግዛታቸው አስቀድሞ ማማከር ይችላሉ።